የመዳብ ናኖ ቅንጣቴ አድሮ ቀለሙን ይቀይራል፦ ኦክሳይድ ነው ወይስ መጓጎል?

ቀይ መዳብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ የመዳብ ናኖ ቅንጣት ላይ ነው። ከመዳብ ሰልፌት ተነስቼ፣ በአስኮርቢክ አሲድ ሪዲዩስ እያደረግኩ (የተሟሟውን መዳብ አዮን ወደ ብረት መዳብ እየመለስኩ)፣ እንዳይጓጎል ፒቪፒ የሚባል ፖሊመር ጨምሬ ነው የምሠራው። ማታ ትቼው ስሄድ ደማቅ ቀይ ነው፤ ፒኩም (ብርሃን አብዝቶ የሚመጥበት የሞገድ ርዝመት) 580 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ጠዋት ስመጣ ወደ ቡናማ አረንጓዴ ሄዶ አገኘዋለሁ። ፒኩ ዝቅ ብሎ ወደ 610 ሸሽቷል። አማካሪዬ «ኦክሳይድ ሆኗል» ይላሉ። የላብ ጓደኛዬ ደግሞ «ጓጉሎ ነው» ትላለች። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወረፋው አይደርሰኝም። እጄ ላይ ያለው ናሙናው በየሞገድ ርዝመቱ ስንት ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካው ዩቪ-ቪዚብል ስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ ነው። በእሱ መለየት ይቻላል?

የላብ ሰው፦
እህቴ፣ ይቻላል። ግን በአንድ ስፔክትረም (መሣሪያው በሚያወጣው አንድ የልኬት መስመር) አይሆንም። የምሠራው መሣሪያ ክፍል ስለሆነ፣ ተማሪዎች አንዲት ስፔክትረም ይዘው «ኦክሳይድ ነው በለን» ሲሉኝ ያሳዝነኛል። ፒክ ወደ ቀይ መሸሹ ብቻውን ምንም አይመሰክርም። ቅንጣቶቹ ቢጠጋጉም ይሸሻል፣ ኦክሳይድ ቢለብሱም ይሸሻል። መዳብ ላይ የሚፈጠረው ኩፕረስ ኦክሳይድ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ ከውሃ በጣም ይበልጣል። ውሃ 1.33 ነው፣ እሱ ከ2.5 በላይ ነው። ስለዚህ ስስ ሽፋን እንኳ ፒኩን ይጎትተዋል።

ግራና ቀኙን እዪ። ከ500 በታች ያለው መስመር እየጨመረ ከሄደ ኩፕረስ ኦክሳይድ ጠርጥሪ። ከ750 በላይ ያለው ከፍ ካለ መጓጎልን ጠርጥሪ።

ዋናው ግን ማነጻጸር ነው። አንዱን ናሙና ለሁለት ክፈዪው። አንደኛው ውስጥ ናይትሮጅን ንፊበትና ኩቬቱን (የመለኪያ ብልቃጡን) ጥርቅም አድርገሽ ዝጊው። ሌላውን ክፍት ተዪው። ሁለቱንም በየ10 ደቂቃው ከ350 እስከ 900 ለኪ። ክፍቱ ብቻ ከተቀየረ ሥራው የኦክስጅን ነው። ሁለቱም እኩል ከተቀየሩ አየሩን ተዪና ወደ ፒቪፒው ሂጂ።

በፒኩ ቁመት ተነስተሽ «ይህን ያህል መቶኛ መዳብ ቀርቷል» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አደራ። የመዳብ ፒክ እንደ ብር ጥርት ያለ አይደለም። ከ590 ገደማ በታች መዳብ በራሱ፣ ናኖ ባይሆንም፣ ብርሃን ይመጥጣል። የመዳብ ቅላትም የመጣው ከዚያ ነው። ፒኩ እዚያው ጠርዝ ላይ ስለሚቀመጥ ሰፊና አጭር ይሆናል። ኦክሳይድ ሲጀምር ፒኩ ከጠርዙ ስለሚርቅ፣ ለጊዜው ሊጎላም ይችላል።

ኬሚስቷ፦
ከ500 በታች ላለው ጭማሪ ተጠንቀቂ። አስኮርቢክ አሲድ ራሱ አየር ላይ ሲያድር ቢጫ ይሆናል። ያለ መዳብ አስኮርቢክና ፒቪፒ ብቻ ቀላቅለሽ፣ እኩል አሳድረሽ፣ እሱን ብላንክ (ከልኬቱ የሚቀነስ ማነጻጸሪያ) አድርጊ።

የተሟሟ መዳብ መኖሩን ለማየት ደግሞ አሞኒያ ይበቃሻል። ቅንጣቱን በሴንትሪፊውጅ አውርጂና ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ላይ ጠብ አድርጊ። ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ መዳብ አዮን አለ። በውሃ ብቻ ሲሆን አዮኑ 800 አካባቢ በጣም ደካማ ነው፤ ከአሞኒያ ጋር 600 ገደማ ላይ ይጎላል። ቅንጣቱ ባለበት ግን እንዳትጨምሪ። አሞኒያና አየር ተባብረው መዳቡን ያሟሙታል።

ቀይ መዳብ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰማያዊው ግን ሪዲዩስ ሳይሆን ከቀረው መዳብ ሰልፌት ሊመጣ አይችልም?

ኬሚስቷ፦
ይችላል እንጂ! ለዚህ ነው ትኩሱን ናሙና በመጀመሪያው ሰዓት ፈትሸሽ መያዝ ያለብሽ። የምትቆጥሪው ልዩነቱን ብቻ ነው።

የላብ ሰው፦
ልክ ነች። አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው የቫን ዳይን ቡድን የመዳብ ናኖ ቅንጣቶችን በግላሻል (ውሃ በሌለበት) አሴቲክ አሲድ አጠበ። አሲዱ ኦክሳይዱን አንስቶ መዳቡን ይተወዋል፤ ፒኩም በጣም ጠበበ። አንቺም ጠብታ መስታወት ላይ አድርቀሽ፣ ለክተሽ፣ አሲዱ ውስጥ ነክረሽ እንደገና ለኪ። ፒኩ ጠቦ ወደ 580 ከተመለሰ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ጭስ መምጠጫው ስር ሥሪ፣ ጓንትም አድርጊ።