ከሕፃን እስከ አያት የሚማርበት ትምህርት እንዴት ነው የምታስኬዱት? (ሀይቅ አካባቢ ነኝ)

የሀይቋ ልጅ፦
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ሀይቅ አካባቢ ባለች የገጠር ደብር ሰንበት ት/ቤት ሳገለግል ይሄው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን ሁሉንም ባንድ አዳራሽ ነው ስናስተምር የኖርነው፣ የአራት ዓመት ልጅም የአምስት ልጆች እናትም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ሳወራ ትንንሾቹ እንቅልፍ ይጥላቸዋል ጎረምሶቹ ደግሞ በጓሮ በር አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። አሁን የደብሩ አስተዳዳሪ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም የሚማርበት ነገር አዘጋጁ ብለውናል፣ እኛም ደስ ብሎን ጀመርን ግን የአዋቂዎቹ ክፍል ሊቆምልን አልቻለም። መጀመሪያ ሳምንት 14 ሰው መጣ፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው አንዲት እናት ብቻ።

ስለሳቸው ነው በዋናነት የምጠይቃችሁ። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል፣ ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃላቸው ይሉታል አንዲት ቃል አያዛንፉም። የዛን ቀን እኔና እሳቸው ብቻ ስለነበርን አብረን እንጸልይ አልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እሳቸው የሰኞውን ይላሉ የገለጡት ገጽ ግን የሐሙስ ነው፣ ጣታቸውም በመስመሩ ላይ ይሄዳል። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው "ልጄ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ስይዘው ደስ ስለሚለኝ ነው" አሉኝ። በጣም ነው ሆዴ የተላወሰው። እና እንዲህ ላሉ እናቶች ምን ይደረጋል? ከፊደል ይጀመር ወይስ ትርጉሙን ብቻ እንንገራቸው? ጎረምሶቹንስ ምን ይዟቸዋል እናንተ ጋ?

ዘወልድያ፦
ቃለ ሕይወት ያሰማሽ እህቴ። እኛም ጋ ልክ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ቃለ ዐዋዲው (የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ) ሰንበት ት/ቤትን ከ4 እስከ 30 ዓመት ላሉት ነው የሚያደርገው፣ ስለዚ ሠላሳን ያለፈ ሰው ሰንበት ት/ቤት ና ስትዪው ወደ ልጆች ቤት የተጠራ ነው የሚመስለው። በተለይ አባወራ ከሆነ ልጁ ከተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ሊጠየቅና ላያውቅ፣ ያፍራል በቃ።

እኛ ያደረግነው ሰዉን ወደ ክፍል መጥራት ትተን ሰዉ ወዳለበት መሄድ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አላችሁ አይደል? ሁሉም እዛው ነው ያለው፣ ሽማግሌውም ባልቴቷም ገበሬውም፣ ዳቦና ጠላው ቀርቦ ካህኑ ባርኮ። እዛ 20 ደቂቃ ለመንን። መጀመሪያ የተሳሳትነው ዳቦው ሳይቆረስ ማስተማራችን ነው፣ ሲያስቀድስ የዋለ ጾመኛ ሰው ዓይኑ ከሞሰቡ ላይ አይነሳም፣ እኔ ስለ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር እያስረዳሁ አንድ አባት "ልጄ አሳጥረው ሰው ደከመ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ከዛ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ አደረግነው፣ ሰው ጉሮሮው ረጥቦ ሲረጋጋ። ያኔ ጥያቄው መጣ፣ ለምን ሕፃን ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፣ የሞተ ሰው 40 ቀኑ ለምን ይወጣል፣ የነነዌ ጾም 3 ቀን ብቻ የሆነው ለምንድነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉት የኖሩት ግን ምን እንደሆነ ማንም ያልነገራቸው። በ12 የሚካኤል በ21 የማርያም ጽዋ ማኅበር ያላቸውም ቤታችን ኑ አሉን። አሁን የአዋቂ ክፍል የሚባል ስም እንኳን የለንም፣ ግን የሚማር አዋቂ አለን።

ለእናትየው እኔ ብሆን ትርጉሙን ነው የምጀምርላቸው፣ በ70 ዓመት ሀሁ ማስቆጠር ማድከም ነው የሚመስለኝ።

የዋድላ ተማሪ፦
ወንድሜ ዘወልድያ የሰንበቴው ነገር ግሩም ነው፣ በመጨረሻው ግን አልስማማም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እሳቸው እኮ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ያስኬዳሉ! ማንበብ ባይፈልጉ መጽሐፉን ለምን ይገልጡታል። ቃሉን አስቀድመው ስለያዙት ደግሞ ከማንም ሕፃን ይፈጥናሉ፣ ሕፃን ፊደሉንም ቃሉንም ነው የሚለቅመው እሳቸው ግን የሚጎድላቸው መልኩ ብቻ ነው።

እኔ ዋድላ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፣ ከዛ በፊት ሰፈራችን የኔታ ጋ ነው ፊደል የቆጠርኩት። እህቴ በዕድሜ መከፋፈሉ ላይ በጣም አትጨነቂ ልልሽ ነው። የአብነት ት/ቤት እኮ ድሮም የሁሉም ዕድሜ ነው፣ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀ ግእዝ ሁ ካዕብ እያለ በስንደዶ ፊደል ይጠቁማል፣ ጎኑ ያለው መልእክተ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ይላል፣ ወዲያ ያለው ዳዊት ደርሷል፣ ሁሉም በየድምፁ ይጮኻል የኔታ ግን የሁሉንም ይሰማሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጭ ብለው አንዱ ከወዲያ ጥግ ሲሳሳት "መልስ!" ይሉታል። የበረታው ያልበረታውን ያስቀጽላል። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ከኔ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ልጅ ነበር፣ ስንደዶዬ ስትሰበር ከራሱ ቆርጦ ይሰጠኝ ነበር። እዛ የሚለየው የደረሰበት ቦታ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መነኩሴ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ዳዊት ሲደግም አይቻለሁ ማንም አያፍርም።

ስለዚ ለእናትየው አንዲት ዳዊት የደረሰች ጎበዝ ልጅ ስጫቸው። ከፊደል ገበታ ሳይሆን ከራሳቸው መጽሐፍ ትጀምርላቸው፣ ሰኞ "ፈቀደ እግዚእ" ነው የሚለው፣ ፈ ይቺ ናት ቀ ይቺ ናት ደ ይቺ ናት እያለች። በስንደዶ ይሁን፣ ጣት ፊደሉን ይሸፍነዋል። እናንተ ደግሞ የሀይቅ ልጆች ናችሁ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ሲያስተምሩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት መጥተው የተማሩት እናንተው ጋ ነው፣ እናንተ መምህር አጣን ስትሉ ይከብደኛል።

እመ ሁለት (ኮምቦልቻ)፦
እኔ የምለው እንደ እናት ነው። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው ሰዓቱ። ሕፃናቱን ከቅዳሴ በኋላ አታቆዩብን በማርያም። ልጄ ለመቁረብ ሳትቀምስ ነው ከሌሊት ጀምሮ ተነስታ የምትመጣው፣ ቆርባ ወጥታ ደግሞ አንድ ሰዓት ትምህርት፣ አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፋ ተኝታ ነው ያገኘኋት ነጠላዋ ፊቷ ላይ ወርዶ። እኛ ጋ ለምነን ቅዳሜ 9 ሰዓት ተደረገ፣ እናቶች በተራ ቆሎና ዳቦ እንይዛለን፣ ልጆቹ አሁን እኔን ቀድመውኝ ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል ግን ወሎ ስለሆንን ማለት አለብኝ። የእናቴ አባት ሙስሊም ናቸው፣ ልጆቼ አያታችን ብለው ነው የሚጠሯቸው ኢድ ላይ ሄደው ተመርቀው ነው የሚመጡት። አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ (የት እንደሆነ ይቅር) ክፍል ውስጥ ስለሌላው ሃይማኖት በማይሆን አነጋገር ተናገረና ልጄ ቤት መጥታ "እማ አባባ መጥፎ ሰው ናቸው?" ብላ አለቀሰች። አባባ የጥምቀት ዕለት ጠዋት ነጠላዋን ይዘው በር ላይ ቆመው የሚጠብቋት ሰው ናቸው። ከዛ በኋላ ሁለት ወር አልሄድም አለች። እባካችሁ የሕፃናት ክፍል የምታስተምሩ፣ ሃይማኖታችንን አጥብቃችሁ አስተምሩልን፣ እኔ ራሴ የምፈልገው ያን ነው፣ ምሥጢሩን ጾሙን ጸሎቱን ሁሉንም፣ ግን ግማሹ ልጅ ሙስሊም አጎት ወይ አክስት እንዳለው አትርሱ። የራሳችንን በደንብ ማወቅ የሌላውን መስደብ አይጠይቅም። አስተማሪ ከመመደባችሁ በፊት ይሄን ተነጋገሩበት።

ግቢ ጉባኤ (ደሴ)፦
እመ ሁለት እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይሄን ለሁሉም አስተማሪ ማስነበብ ነው።

ስለ ጎረምሶቹ እኔ ልመልስ። 9ኛ 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ መዝሙርና ተረት ብቻ ስትሰጪው ይሄዳል፣ ሥራ ስትሰጪው ነው የሚቀመጠው። እኛ በባሕረ ሐሳብ (አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ስሌት) ነው የያዝናቸው። ሒሳብ የሚወደውም የማይወደውም ቾክ ይሻማል። ለምሳሌ የ2018ን ስጫቸው፦ 5500 ሲደመር 2018 = 7518 ዓመተ ዓለም፣ ለ19 ስናካፍለው 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፣ አንዱን ለዘመን አትቶ 12 ወንበር (የስሌቱ መነሻ ቁጥር) ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል እሱ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 እሱ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው ሁሌ 30 ናቸው ስለዚ ልጁ ተሳስቶ እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ መስከረም ላይ ይውላል፣ መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ የሚደመር ቁጥር) 7 ነው፣ 18 እና 7 ሃያ አምስት፣ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ። ከነነዌ በ69ኛው ቀን ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 4። መጀመሪያ ሲወጣላቸው ስልካቸውን አውጥተው ካሌንደር ላይ አይተው ሲጮሁ ማየት ነበረብሽ። ከዛ ጥያቄው ይከተላል፣ ነነዌ ለምን ሰኞ ብቻ ይውላል፣ ትንሣኤ ለምን ከእሑድ አይወጣም፣ እሱን ይዘሽ ወደ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ትገቢያለሽ።

የሀይቋ ልጅ፦
ሁላችሁንም ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ የዘገየሁት ሞክሬው ልምጣ ብዬ ነው፣ አንድ ወር ሆነን።

ሰንበቴው ላይ ሰጡን፣ 15 ደቂቃ ነው ግን ሰው አይነሳም። የሕፃናቱን ወደ ቅዳሜ አዞርነው። የአስተማሪዎቹንም ስብሰባ አደረግን፣ የእመ ሁለትን ጽሑፍ ሳነብላቸው አንዱ ልጅ አንገቱን ደፍቶ "እኔም ብዬ አውቃለሁ" አለ፣ ከዛ በላይ ምንም መናገር አላስፈለገኝም።

እናታችን ደግሞ የዋድላው ወንድማችን እንዳለው ሆነ፣ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሰጠናቸው፣ ስንደዶ ከመሶብ ሠሪ ጎረቤቷ አምጥታ። እስካሁን ፈ፣ ቀ፣ ደ፣ እ፣ ግ፣ ዚን ለይተዋል፣ በየመስመሩ እየፈለጉ "ይቺውና ደግሞ እዚህ" ይላሉ። ትርጉሙንም ጎን ለጎን እየነገርኳቸው ነው። የሰኞው መጀመሪያ ጌታ ልቡ ያዘነውን የተከዘውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው ስላቸው ዝም አሉ፣ ቆይተው "ልጄ የሞተ ጊዜ ይቺን ስላት ነው የከረምኩት፣ ለምን እሷ እንደምታጽናናኝ አላውቅም ነበር" አሉኝ። ልጅቷ ስንደዶዋን አስቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

ጎረምሶቹ ባሕረ ሐሳቡን ይዘዋል፣ 2019ን ራሳቸው ሠርተው ነነዌ የካቲት 15 ወጣልን ብለው ጠይቂልን ብለውኛል፣ አበቅቴ 23 መጥቅዕ 7 ብለው ነው። ልክ ነው?

ግቢ ጉባኤ (ደሴ)፦
ልክ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ ጥቅምት ላይ ነው የሚውለው፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ ድምሩ 15። ትንሣኤውን ደግሞ እነሱ ያውጡና ይላኩልኝ።