ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሎክ ስክሪን ላይ ፎቶ አሳምሮ የሚሠራ የቱ ቤት ነው?

የጠባሴዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ሳምሰንግ ኤ34 ነው። ሎክ ስክሪኑ ላይ የእናቴና የልጆቼ ፎቶ እየተቀያየረ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነበር። የልጆቹ ጋለሪ ውስጥ አለ። የእናቴ ግን ልጅ እያለች የተነሳችው ነው፣ ወረቀት ነው፣ ፍሬም ውስጥ ኖሮ ኖሮ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። እሷ መሀል ሜዳ ነው ያለችው፣ ፎቶው ግን እኔ ጋ ነው። ሞባይል ቤት ይሻላል ወይስ ፎቶ ቤት? የት እንደሆነና ዋጋውንም ጠቁሙኝ።

ቡና ካለ አለሁ
መናኸሪያው አካባቢ ያለው ልጅ ጋ ሂጂ። ሌላ ቤት ዝር እንዳትዪ። ስልክ ከያዝኩ ጀምሮ ከሱ ውጪ ማንም ነክቶልኝ አያውቅም።

ዝም ብዬ ነው
ለዎልፔፐር ብር ሊከፈል ነው? ነገ ደግሞ ስልክ ቻርጅ ላይ የሚሰካልኝ ባለሙያ ጠቁሙኝ ትላላችሁ።

የሸዋ ሮቢቷ
የት እንደምትሄጂ አላውቅም፣ ብቻ ስልክሽን ለማንም ጥለሽ እንዳትሄጂ! እኔ ቴም ይጫንልኝ ብዬ አንድ ቤት ሰጠሁ፣ ስሙን አልጠራም። «ትንሽ ይቆያል፣ ገበያሽን ጨርሰሽ ነይ» አለኝ። ስመለስ ስልኩ ገና ከካርቶን እንደወጣ ሁሉ ቋንቋ ምረጪ ይለኛል። ለካ ፎርማት አድርጎታል። «ተጨናንቆ ነበር፣ አቀለልኩልሽ» ብሎኝ እርፍ። የልጄ የክርስትና ፎቶ፣ የወንድሜ ሠርግ፣ ሁሉም ድራሹ ጠፋ። አሁን ደግሞ የድሮውን ጂሜይል አስገቢ ይለኛል። ጂሜይሉን የከፈተልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው፣ ፓስወርዱን በየት አውቄው!

ፀሐይ ወጣች
ውይ እህቴ! ትራሽ ውስጥ ፈልጊው እንጂ፣ የጠፋ ፎቶ 30 ቀን ይቀመጣል።

ካምፓስ ጀርባ
እሱ አንድ በአንድ ስትሰርዢው ነው። ፎርማት ከሆነ ትራሹም አብሮ ይሄዳል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ከነበረ ግን ካርዱን አውጥተሽ ሌላ ስልክ ላይ እዪው። ጎግል ፎቶስ ባክአፕ በርቶ ከነበረም በጂሜይሉ ስትገቢ ተመልሶ ይመጣል።

የሸዋ ሮቢቷ
ጂሜይሉን አላውቀውም ነው እኮ የምልህ።

ቡና ካለ አለሁ
የኛ ልጅ እንዲህ አያደርግም።

የሸዋ ሮቢቷ
ማን እሱ ነው አለ? እኔ እንኳን እሱን፣ ደብረ ብርሃንንም አልጠራሁ።

ቡና ካለ አለሁ
አይ፣ ሰው እንዳይጠረጥረው ብዬ ነው።

ዝም ብዬ ነው
አሁን ገና ጠረጠርኩት 😂

መንዜው
ለሎክ ስክሪን ፎቶ ከሆነ ምን ሱቅ ያስኬዳል? ጣርማ በር ወጥታችሁ ምኒልክ መስኮት ላይ አንሱ። ጭላዳዎቹ እዚያው ገደሉ ላይ ናቸው። ጉሙ ሳይወጣ ከደረሳችሁ ቁልቁል ያለው አገር ሁሉ ፎቶ ውስጥ ይገባል። ስትመለሱ ደብረ ሲና ወረድ ብላችሁ ቆሎ ያዙ።

ፀሐይ ወጣች
ልጅቷ የእናቷን ፎቶ ነው ያለችው፣ ጭላዳ አላለችም።

መንዜው
እናትየው መሀል ሜዳ አይደሉም እንዴ? ጭላዳ ያለበት ጓሳ አፍንጫቸው ሥር ነው። ሄዳ አዲስ ፎቶ እዚያ ታንሳቸው።

ድሮ ፎቶ ቤት
የጠባሴዋ ልጄ፣ ሌላው ይቆይና አንድ ነገር ስሚኝ። ፎቶውን ከመስታወቱ ለመላጥ እንዳትሞክሪ። እርጥበት ገብቶ ሲጣበቅ ወረቀቱ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ምስሉ ያለበት ሽፋን ራሱ ነው መስታወቱ ላይ የሚቀረው። ስትጎትቺው ፊቷ ይነሳል። እናስለቅቅልሽ የሚል ቤት ካለ ፍሬምሽን ይዘሽ ውጪ።

ከፍሬሙ አውጪውና ከነመስታወቱ ኮፒ ቤት ውሰጂው። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ውሃ አታስነኪው። ስካነሩ ላይ በፊቱ አስተኝተው በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ያድርጉልሽ። ትንሽ ፎቶ ከሆነ በዝቅተኛው ስካን ተደርጎ ስክሪን ሙሉ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ስካነር ከጠፋ ቀን መስኮት አጠገብ አስቀምጪና በስልክሽ አንሺው። ፀሐይ ቀጥታ አይምታው። ፍላሽ ይጥፋ፣ ስልኩም ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን። ደግሞ ነጠላሽን አውልቂና ጥቁር ነገር ልበሺ፣ አለዚያ መስታወቱ ላይ ራስሽ ትታዪያለሽ።

ሲልኩልሽ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን። እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱን ቀንሶ ነው የሚልከው።

የጠባሴዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ማታ በቢላ ላነሳው ነበር። እርስዎ አሁንም ይሠራሉ?

ድሮ ፎቶ ቤት
ጡረታ ነኝ ልጄ።

ካምፓስ ጀርባ
ስካኑ ካለቀ በኋላ ያለውን ማንም አይሥራልሽ፣ ራስሽ ትችያለሽ። ሎክ ስክሪኑ ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ቆዪ፣ ስልኩን ክፈቺ፣ ማስተካከያው ይመጣል። ብዙ ፎቶ እንዲፈራረቅ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ዎልፔፐር ግቢና ከጋለሪ ምረጪ። ለሎክ ስክሪን እስከ 15 ይቀበላል፣ ለሆም ስክሪን ግን አንድ ብቻ ነው።

አይፎን የያዛችሁ፣ ሲስተሙ አይኦኤስ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ነገሩ የሚያምረው። 16 በ2022 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ፎቶ ሻፍል የሚለው ውስጥ በየሰዓቱ ወይ በየቀኑ፣ ወይም ስክሪኑን ስትነኩት እንዲቀየር ትመርጣላችሁ። አይፎን 7ና ከዚያ በታች ላይ አይገባም፣ ስለዚህ እንጭንላችሁ የሚሏችሁን አትስሙ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሬድሚ የያዛችሁ ደግሞ አንዳንዶቹ ላይ ከኢንተርኔት ሥዕል እያመጣ የሚቀያይር መጽሔት ነገር አለ። መጀመሪያ እሱን አጥፉት። ካርድ ይበላል፣ የራሳችሁንም ፎቶ ይሸፍንባችኋል።

ዝም ብዬ ነው
ይኸው በነፃ። እኔስ ምን አልኩ?

የጠባሴዋ
የልጆቹን ሞከርኩት፣ ሠራ! ግን ሰዓቱ የትንሹ ግንባር ላይ ነው የሚያርፈው።

ካምፓስ ጀርባ
ከጭንቅላቱ በላይ ባዶ ቦታ ያለው ፎቶ ምረጪ። የቆመ ፎቶ ይሁን፣ በጎን የተነሳው ተቆርጦ ነው የሚገባው። ስልክሽ ዋን ዩአይ 6 የሚባለው የሳምሰንግ አፕዴት ከደረሰው ደግሞ ሰዓቱን ይዘሽ ወደ ታች ማውረድ ትችያለሽ።

ፀሐይ ወጣች
ፎቶ የሚታተምበት ከቨርስ የሚሠራ አለ? ለባሌ ልደት ፈልጌ ነው።

ቡና ካለ አለሁ
መናኸሪያው አካባቢ ያለው ልጅ ጋ ሂጂ።

ፀሐይ ወጣች
ከቨር ላይ ያትማል?

ቡና ካለ አለሁ
እሱን አላውቅም፣ ግን ግላስ ሲለጥፍ አንዲት አረፋ አይተውም።

የሸዋ ሮቢቷ
ያለ ጂሜይል የሚከፍት ሰው ታውቃላችሁ ወይ? ካርቶኑም ደረሰኙም አለኝ።