ዩፒኤሱ ፍተሻውን ያልፋል፣ መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል

አዲስ ገቢ፦ እባካችሁ ቶሎ! መብራት ሄድ መለስ እያለ ነው፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም ይላል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው ሣጥን) 650 ቪኤ ነው። የማብሪያ ቁልፉን ተጭኜ ስይዘው ራሱን ይፈትሻል፣ ጢጥ ብሎ አረንጓዴው ይበራል፣ ባትሪ ቀይር የሚለው ቀይ አይበራም። ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ታዲያ ምኑ ነው? ነገ ጠዋት የማስረክበው ሥራ አለኝ።

ፊውዝ፦ ባትሪ ቀይር። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት።

ሽቦ፦ ከመግዛትህ በፊት ከኋላ ያሉትን ሶኬቶች እያቸው። በብዙ ዩፒኤስ ላይ የተወሰኑት ብቻ ናቸው ከባትሪው የሚመገቡት፤ የቀሩት ድንገት ከሚንር ኃይል ከመከላከል በቀር መብራት ሲሄድ ምንም አይሰጡም። ጽሑፉ ከጎናቸው አለ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ራሱ በርቶ ይጮኻል ወይስ አብሮ ይሞታል? ምን ምን ተሰክቷል? ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?

መምህር፦ ወንድሜ፣ "ባትሪው ደህና ነው" ባልከው አልስማማም። ዩፒኤስ ራሱን ሲፈትሽ የተሰካበትን ዕቃ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ባትሪ ያዞርና ቮልቴጁ ምን ያህል እንደወረደ ያያል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ከፈተሽከው ባትሪው የተሸከመው ነገር የለም፤ የደከመም ያልፋል። ተቃራኒውም ይደርሳል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ እንደመጣ ወዲያው ከተፈተሸ ጤነኛው ባትሪ ስላልሞላ ብቻ ይወድቃል። ስለዚህ ቢያንስ ከ8 እስከ 16 ሰዓት ቻርጅ ካደረገ በኋላ ነው ውጤቱ የሚታመነው። እነዚህ ድራይ ባትሪዎች በጥሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሠራሉ፤ ሙቀት ግን ይገድላቸዋል፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ዩፒኤሱን መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ዩፒኤሱ በርቶ ይጮኻል፣ የሚጠፋው ኮምፒውተሩ ነው። ሞኒተሩ አይጠፋም። ፕሪንተርም አለበት፣ ሌዘር። ባትሪው 3 ዓመት አልፎታል።

ፊውዝ፦ አልኩ እኮ፣ ባትሪ።

ሽቦ፦ ሞኒተሩ ካልጠፋ ባትሪው እየሰጠ ነው፣ አትቸኩል። ሌዘሩን አሁኑኑ ንቀል። 650 ቪኤ ማለት 360 እስከ 400 ዋት ያህል ነው፤ የሌዘሩ ማሞቂያ ብቻውን ከዚያ ያልፋል።

ኩራዝ፦ እስከዚያ ሻማ ግዛ 😄 ሻማው ኮምፒውተር ባያስነሳም ሶኬቱን ለማየት ይረዳል! ከምር ግን የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ምን ዓይነት ነው? 80 ፕላስ ጎልድ የሚል የቁጠባ ምልክት ያለባቸውና መሰሎቹ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚስቡትን ኃይል የሚያስተካክል ክፍል) አላቸው። ርካሽ ዩፒኤስ ደግሞ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ እንደ መስመሩ ለስላሳ (ንጹህ ሳይን) ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ይህን አይችልም፣ ወደ ባትሪ በሚዞርባት ቅጽበት ይጠፋል። ባትሪ ብትቀይር አይድንም፤ መፍትሔው ንጹህ ሳይን ዩፒኤስ ነው።

ቴስተር፦ ሳትገምቱ ለዩት። ኮምፒውተሩን ዝጋና ንቀል፣ የባትሪ ሶኬቱ ላይ ክር ያለውን የድሮ 100 ዋት አምፖል ሰካ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ ዋቱ ትንሽ ነው። ከዚያ የግድግዳውን ሶኬት ሳትነቅል ብሬከሩን ጣል፤ ከነቀልከው ኧርዙም አብሮ ይቋረጣል። አምፖሉ ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ ባትሪው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ኩራዝ እንዳለው ነው ወይም ኮምፒውተሩ የተሰካው ባትሪ በሌለው ሶኬት ላይ ነው። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካለቀ ፊውዝ ልክ ነው። ባትሪውን ለብቻው ማየት ከፈለግህ ዩፒኤሱን አጥፍተህ፣ ነቅለህ፣ ባትሪውን አውጥተህ ለካ፤ በአንዳንድ ትንንሽ ዩፒኤስ የባትሪው ሽቦ ከ220ው ጋር ስለሚገናኝ ተሰክቶ ሳለ አትንካው። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ይህ ብቻውን አያሳምንህ፦ ባለ 55 ዋት የመኪና ፊት መብራት አምፖል አብራበትና ድጋሚ ለካ፣ ወዲያው ወደ 10.5 ከወረደ ሞቷል። አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ካገኘኸው መልሰህ አታስገባው።

ጋራዥ፦ ለምን ትጨነቃላችሁ፣ 60 አምፔር የመኪና ባትሪ ከውጭ ይቀጠልለት፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

መምህር፦ ይህን ምክር አትስጥ። የዩፒኤሱ ቻርጀር የተሠራው ለ7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ትልቁን ለመሙላት ቀናት ይፈጅበታል፣ መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ቦታ ጭራሽ አይሞላም። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተሩም ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓታት እንዲሞቅ አልተሠራም። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ መኝታ ቤት የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ሽቦ፦ ለነገው ሥራ፦ ፋይሉን ፍላሽ ላይ እየገለበጥክ ሥራ፣ ላፕቶፕ መዋስ ከቻልክ እሱ ይሻላል። ባትሪ ከገዛህ ሽቦው የሚሰካበትን የብረት ምላስ ስፋት ለካ፤ 4.8 እና 6.3 ሚሊሜትር አለ፣ ካልገጠመ ይላላና ይግላል። ቀዩ ከመደመር፣ ጥቁሩ ከመቀነስ።

ዘሪሁን ሠፈር፦ ጥያቄ ልጨምር። የእኔ ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው፣ መብራት ካለ ይሠራል፣ ሲሄድ ግን እንዳለ ይሞታል። ፍተሻውንም ወድቋል።

ቴስተር፦ ከሥር ያለውን ክዳን ክፈት። ለማጓጓዣ ተብሎ አንዱ የባትሪ ሽቦ ሳይሰካ የሚመጣ አለ። ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅለህ ሽቦውን ሰካውና አንድ ሌሊት ቻርጅ አድርገህ ድጋሚ ፈትሽ።