ባሕር ዳር መኪና መሸጫ ውስጥ ዋጋ እንዴት ነው የምታስቀንሱት?

የሽምብጧ፦

ሰላም ናችሁ? ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ ልገዛ እየዞርኩ ነው። ብሩ ከዕቁብም ከቁጠባም የተጠራቀመ ስለሆነ ዝም ብሎ እንዲሄድ አልፈልግም። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ መሸጫ ገብቼ አንዷን ወደድኳት። ሻጩ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ አለኝ። ቀንስልኝ ስለው «ቁርጥ ዋጋ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሱ «አንቺ ስንት ይዘሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ስለው ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል እየመጣ እንደሆነ፣ ዶላርም እየጨመረ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ ዋጋ እንደማላገኛት ነገረኝ።

በጣም ያበሳጨኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የምጠይቀው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ እሱ መልስ የሚሰጠው ግን አብሮኝ ለሄደው ታናሽ ወንድሜ። መጨረሻ ላይ «ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሪና ነይ» አለኝ።

በእውነት ቁርጥ ዋጋ የሚባል ነገር አለ? ስንት ብዬ ልጀምር? ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ልግዛ? ኤሌክትሪክ ግዢ የሚሉኝም አሉ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ጣና ዳር፦

እህቴ፣ ቁርጥ ዋጋ ያለው ሰው «ስንት ይዘሻል?» ብሎ አይጠይቅም። ዋጋው እንደሚወርድ ራሱ ነግሮሻል። ለዚያች ጥያቄ ግን መልስ አትስጪ። የያዝሽውን ካወቀ በኋላ ወሬው ሁሉ እሱን ብር እንዴት እንደሚጨርስልሽ ይሆናል።

የዶላሩን ነገር በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሻጭ የሚያነሳው እሱን ነው። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ስለዚህ የነዳጅ መኪና ዋጋውን መያዙ እውነት ነው፣ በግማሽ ዋጋ አገኛለሁ ብለሽ አትድከሚ። ነገር ግን ይቺ ያሪስ ቀረጧ የተከፈለው ድሮ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ እሱ ላይ የሚጨምርበት ወጪ የለም። እንዲያውም መኪናዋ ግቢው ውስጥ በቆመች ቁጥር ብሩ ታስሮ የተቀመጠው እሱ ነው። የሚያስቸኩልሽ ለዚህ ነው።

ተመልሰሽ ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ሥራ አለ። መኪና ዶት ኔት ላይና የቴሌግራም መሸጫ ቻናሎች ላይ ያንኑ ሞዴል ፈልጊ። ዓመቷ፣ ማንዋል ወይም ኦቶማቲክ መሆኗ፣ የሄደችው ኪሎሜትር ይመሳሰል፤ አለበለዚያ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። ማስታወቂያ ላይ የምታዪው ደግሞ ሻጭ የሚመኘውን ነው እንጂ የተሸጠበትን አይደለም። ስለዚህ ደውይ። «የመጨረሻዋ ስንት ናት?» በይ። ብዙዎቹ ገና በስልክ ይቀንሳሉ። የቀነሱትን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። መሸጫው ስትመለሺ «ተወደደብኝ» አትበይ፣ ተወደደ የሚለውን ቃል ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ነው የሚውለው። «የዚሁ ዓመት፣ እንደዚችው ኦቶማቲክ፣ በዚህ ዋጋ ተብላለች» ብለሽ ስታሳዪው ግን የሚያወራው ይጠፋዋል።

ጋራዥ ነኝ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ዋጋ በደንብ የሚቀንሰው ከመኪናው ሥር ነው። መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ ያውም ሻጩ «የኛ ልጅ አለ» የሚልሽን ሳይሆን የራስሽን።

ጠዋት ሂጂ፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ስትደርሺ ሞቆ ከጠበቀሽ ጠርጥሪ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያወጣው ጭስና ድምፅ ሲሞቅ ይደበቃል። በሩንና ኮፈኑን በጣትሽ አንኳኪው፣ ስቱኮ (ግጭት የሚሸፈንበት ሙሌት) ያለበት ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ማግኔት ካለሽ ደግሞ ስቱኮ ላይ በደንብ አይዝም። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ አዲስ መስሎ አርጅቶ ይገኛል፣ አራት ጎማ መቀየር ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም።

ከዚያ ንጂያት። አስፋልት ላይ ብቻ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለሽ ሂጂና መስኮቱን ዝጊ፣ ራዲዮውን አጥፊ፣ ከፊት እግሩ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይሰማሻል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ጉልበቷን ለማወቅ አይመችም፣ ስለዚህ ወደ ቤዛዊት ዳገት ውሰጃት። ኦቶማቲክ ከሆነች ማርሽ ስትቀይር እንዳትመታ፣ ማንዋል ከሆነች ፍሪሲዮኑ እንዳይንሸራተት እይ። ሻጩ «ነዳጅ የለውም፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ንጂያት» ካለ ነዳጅ እኔ እሞላለሁ በይው። አሁንም እምቢ ካለ ተዪያት፣ ሌላ መኪና አለ።

ያገኘሽውን ጉድለት ሁሉ ከመካኒኩ ጋር በብር አስልታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። አሞርዛተር ይህን ያህል፣ ጎማ ይህን ያህል፣ ቀለም ይህን ያህል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ሻጭ ከሰው ጋር ይከራከራል፣ የጋራዥ ሒሳብ ሲያይ ግን ወይ ይቀንሳል ወይ አሠርቶ ይሰጥሻል። እኔ ብትጠይቂኝ ቀንሶልሽ ራስሽ ብታሠሪው ይሻላል፣ ለመሸጥ ተብሎ የሚሠራ ነገር ብዙ አይቆይም።

ዓባይ ማዶ፦

ሴት ነኝ፣ እኔም እዚሁ ነው የገዛሁት። ወንድምሽን አታስቀሪው፣ ግን አስቀድመሽ ንገሪው፦ ሻጩ እሱን እያየ ሲያወራ «የምትገዛው እሷ ናት፣ እሷን አናግር» ይበልና ዞር ይበል። አንዴ ከተባለ ይበቃል። «ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሪ» ያለሽን ደግሞ ተጠቀሚበት። በሚቀጥለው ጊዜ አልቀንስም ሲልሽ ተነሺና ሄደሽ አስቢበት፣ ምክሩን የሰጠሽ እሱ ነው።

አሁን ሰው የማያስበው ነገር፦ የመኪናዋን ዋጋ አስቀንሰሽ በጎን ሌላ ትከፍያለሽ። ደላላ ካለበት ሁለት በመቶ የተለመደ ነው፣ ይህ በ2 ሚሊዮን ተኩል ላይ 50 ሺህ ብር ማለት ነው። ስም ማዛወሪያውን የሚከፍለው ማን ነው? ቦሎው (የዓመታዊ ምርመራው ምልክት) የዘንድሮ ነው? ድርጅት ከሆነ 15 በመቶው ቫት ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ በኋላ ይደመራል? ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጠይቂና «ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በስሜ እስኪሆን ጠቅላላ የማወጣው ስንት ነው?» ብለሽ በዚያ ቁጥር ላይ ብቻ ተከራከሪ።

ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ ካሉሽ እሺ እንዳትዪ። ነገ ክርክር ቢመጣ የምታስመልሺው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፣ ሕገወጥም ነው። ቀብድም ሳይጻፍ እንዳትሰጪ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ማወቅሽን ብቻ ሲያዩ አነጋገራቸው ይለወጣል።

ቻርጅ ላይ፦

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋም ሊቀንስ ይችላል። ግን በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ የመንገዱንም ሁኔታ አስቢ። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የመካኒኩ፣ ፋይሉን ወደ አማራ ክልል የማስመጣቱ ወጪ ሲደመር የቀነሰው ነገር ሊያልቅ ይችላል። የአዲስ አበባን ዋጋ እዚህ ለመከራከሪያ ተጠቀሚበት።

ኤሌክትሪኩን እኔ እነዳለሁ፣ ለከተማ ሥራ በጣም ደስ ይላል። ሻጮች አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ይሄዳል የሚሉሽን የኪሎሜትር ቁጥር ግን እንዳለ አትቀበዪ፣ ቻይና ውስጥ በፈተና የተለካው ቁጥር በተግባር ከምታገኚው ይበልጣል። ዓባይ በረሃ ወርደሽ ስትወጪ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ይሄዳል። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ በመሣሪያ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ዋጋ አንቀንስም ካሉ የቤት ቻርጀሩን ከነመግጠሚያው ጨምሩ በያቸው፣ እሱ ላይ ቶሎ ይስማማሉ።

የሽምብጧ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ነዳጇን ነው የምፈልገው፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ ጎንደር ስለምመላለስ። ቅዳሜ ጠዋት ከመካኒክ ጋር ልሄድ ነው። ቁጥር ስጠራ ግን ስንት ልበል? አፍሬ ትንሽ ቀንሼ እንዳልጀምር ነው የምፈራው።

ጣና ዳር፦

በስልክ ያገኘሽውን ዝቅተኛ ዋጋ ያዢ፣ የጋራዡን ሒሳብ ቀንሺበት፣ ከዚያ ጀምሪ። 2 ሚሊዮን 400 ቢሆን አትፈሪ፣ ማስረጃሽ እጅሽ ላይ ነው። «ስም ማዛወሪያ በእናንተ፣ በዚህ ዋጋ ከሆነ ሰኞ ከባንክ ሲፒኦ (የተረጋገጠ የክፍያ ወረቀት) አሠርቼ እመጣለሁ» በይና ዝም በይ። ዝምታው ሲከብድሽ ራስሽ ላይ ጨምረሽ እንዳትናገሪ፣ እሱ ይናገር። ሲወርድ አንቺ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ እሱ 50 ሲቀንስ አንቺ 50 አትጨምሪ። ካልተስማማችሁ ስልክ ቁጥርሽን ተይለትና ውጪ። ሲፒኦውን ግን ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መግጠሙን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ከትራንስፖርት ቢሮ ሳታረጋግጪ አታሠሪ።

ጋራዥ ነኝ፦

የሻንሲ ቁጥሩ ሲነበብ እኔ ብኖር ደስ ይለኛል፣ ተፍቆ የተመታ በዓይን ይታወቃል። መካኒክ ካላገኘሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነኝ።