በረኛ የነበረ ሰው ለዋና አሰልጣኝነት ይበቃልን? የድሬዳዋና የሐረር ስፖርት ወዳጆች ክርክር

የከዚራው፦ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በሕዝብ በጀት የሚደገፍ የከተማ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሲፈልግ፣ በረኛ የነበሩ ባለሙያዎችን «የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ» ከሚለው መደብ አውጥቶ ለዋናው ቦታ ሊያወዳድራቸው ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ ይገባል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ የኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሥራ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሳኦ ቶሜ ደሴት የተወለደው ኑኖ ከተጫዋችነት ዘመኑ ብዙውን በተጠባባቂነት ያሳለፈ በረኛ ነው። በ2004 ፖርቶ በጆዜ ሞሪንሆ እየተመራ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ በግቡ የቆመው ቪቶር ባያ ነበር፤ ኑኖ ፍጻሜውን ያየው ከሜዳው ዳር ነው። ለፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድንም አንድ ጨዋታ እንኳ አልተሰለፈም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በ2018 የእንግሊዙን ክለብ ዎልቭስን በ99 ነጥብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያሳደገው፣ ከዚያም በተከታታይ ሁለት ዓመት ሰባተኛ ደረጃ ላይ ያስቀመጠው።

የሳቢያኑ፦ ወንድሜ፣ የአንድ ሰው ስኬት ለሁሉም መመዘኛ አይሆንም። የበረኛን የልምምድ ቀን ልብ ብለህ ተመልከት። ቡድኑ በአንድነት ኳስ ሲቀባበል፣ ሲያጠቃና ሲከላከል እሱ ከራሱ አሰልጣኝ ጋር ወደ ጎን ተነጥሎ ይሠራል። መሐል ሜዳ ላይ ኳስ የተነጠቀ ተጫዋች ወዴት መሮጥ እንዳለበት በዓይኑ እንጂ በእግሩ አልተማረም። ራሱ ኑኖስ ቢሆን በሰኔ 2021 መጨረሻ ቶተንሃምን ተረክቦ በኅዳር መጀመሪያ፣ ገና በአራት ወሩ፣ አልተሰናበተምን? ታላቅ ክለብ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከኪሱ ከፍሎ ይሻገረዋል፤ የእኛ ክለብ ግን የሚከፍለው ለመንገድና ለውኃ ከሚታሰበው ከዚያው የከተማ ካዝና ነው። ስለዚህ የሙከራ ቦታ ሊሆን አይገባም።

የለገሃሬዋ፦ ስለ ገንዘቡ ያልከው እውነት ነው፤ ስለ መነጠሉ ያልከው ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የራሱ ቡድን ተጫዋች አስቦ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ ሕጉ ከከለከለ ወዲህ፣ በረኛ በእግሩ ጨዋታ እንዲጀምር ተገድዷል፤ ዛሬ ብዙ አሰልጣኞች ከኋላ የሚጀመረውን ቅብብል ያለ በረኛው አያስቡትም። ደግሞም ከሕጉ በፊት የነበረውን ዲኖ ዞፍን ተመልከት። በ40 ዓመቱ የጣሊያን አምበል ሆኖ የ1982ቱን የዓለም ዋንጫ አነሣ፤ በአሰልጣኝነት ደግሞ በ1990 ለጁቬንቱስ የዩኤፋ ዋንጫንና የጣሊያን ዋንጫን በአንድ ዓመት አስገኘ። በ2000 አገሩን ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ ፈረንሳይ በመጨረሻዋ ደቂቃ አቻ ሆና በተጨማሪ ሰዓት ስታሸንፈው፣ ፖለቲከኛውና የኤሲ ሚላን ባለቤት የነበረው ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በአደባባይ ስለ ነቀፈው በክብር ሥራውን ለቀቀ። ለእኔ ጨዋታ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ራስን ማክበርም የአሰልጣኝ ችሎታ ነው።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ጀማል ጣሰው፣ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጡ፤ እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ያንን ካርድ ነው። አጥቂ ሦስት ጎል ስቶ አንድ ካገባ ይወደሳል። በረኛን በአንዲት ደቂቃ የሚመዝን ሕዝብ ለአሰልጣኝነት ሲያጨው የሚያመነታው ከዚሁ ልማድ የተነሣ ይመስለኛል።

ከሐረር፦ ልጆቼ፣ የምትነጋገሩበትን ነገር በዓይኔ ያየሁበት ቀን አለና ልናገር። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድ የናይጄሪያ፣ የሞሮኮ፣ የሱዳንና የዛየር ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ከሐረር ወርጄ ቦታ ያገኘሁት ከግቡ በስተኋላ ነው፤ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ የሩቁ ግብ አይታይምና። ጥቂት ቆይቼ ግን ከዚያ ሥፍራ ከጎን ሆኜ አይቼው የማላውቀውን አየሁ፤ በተከላካዮች መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ሲሸፍንለት ግልጽ ብሎ ይታያል። በረኛ ዕድሜ ልኩን የሚያየው ይህንኑ ነው። ሞሮኮ በኋላ ዋንጫውን ወሰደች።

ነገር ግን የከዚራው ልጄ የኑኖን ታሪክ ስትነግረን መሐሉን ዘለልከው። ኑኖ በ2010 ጓንቱን ሲሰቅል በቀጥታ ዋና አሰልጣኝ አልሆነም። ከዠሱአልዶ ፌሬራ ሥር በማላጋ፣ ከዚያም በፓናቲናይኮስ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ሆኖ አገለገለ። በ2012 የተረከበው ሪዮ አቬ የሚባል ትንሽ ክለብ ነው፤ በ2014 ያንን ክለብ ለሁለት የአገር ውስጥ ዋንጫዎች ፍጻሜ አደረሰው፣ ሁለቱንም በቤንፊካ ቢሸነፍም። የስፔኑ ክለብ ቫሌንሲያ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

የከዚራው፦ ጋሼ፣ እርምትዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ለሳቢያኑ ወንድሜ ግን አንድ ጨዋታ ላስታውሰው። በነሐሴ 2020 በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የኑኖ ዎልቭስና የጁለን ሎፔቴጊ ሲቪያ ተገናኙ። ሎፔቴጊም በረኛ የነበረ ነው። ሲቪያ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ቀጥሎም ማንቸስተር ዩናይትድንና ኢንተርን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

የሳቢያኑ፦ ያቺ ጨዋታ ለእኔም ምስክር ናት። ብቸኛዋ ጎል የገባችው በ88ኛው ደቂቃ ነው፤ ዎልቭስ አብዛኛውን ሰዓት ወደ ኋላ ተሰብስቦ ነበር። በረኛ የነበረ አሰልጣኝ ጎል እንዳይገባበት መስጋቱን ወንበሩ ላይ ይዞ ይቀመጣል የምለው ስለዚህ ነው። የእኛ ተመልካች በዚያ ፀሐይ ገብቶ የሚቀመጠው መከላከልን ለማየት አይደለም።

የከዚራው፦ በዚያው ጨዋታ ላይ ኳሱን ይዞ ያጠቃ የነበረው ሲቪያስ በማን ይመራ ነበር? እርሱም በበረኛ ነው። ስለዚህ የአጨዋወቱ ልዩነት ከቀድሞ ቦታቸው የመጣ አይደለም። መከላከሉም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ በ2023 አል ኢትሃድ በኑኖ መሪነት የሳዑዲ ሊግን ሲወስድ በ30 ጨዋታ የገባበት 13 ጎል ብቻ ነው።

የሳቢያኑ፦ ይህን መልስ ማስተባበል አልችልም፤ የአጨዋወቱን ክስ አንሥቻለሁ። የልምምዱን ግን አላነሣም። የጋሼን ቃል መሠረት አድርጌ የምስማማው በአንድ ሁኔታ ነው። ተወዳዳሪው የአሰልጣኝነት ፈቃዱ ከተሟላ በተጨማሪ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በምክትልነት ሙሉውን ቡድን ያሠለጠነ ይሁን።

የለገሃሬዋ፦ ሁኔታው ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን በሩን መልሶ ይዘጋዋል። በረኛ የነበረው ባለሙያ ሲቀጠር ለበረኞች ብቻ ነው የሚቀጠረው፤ ሙሉውን ቡድን እንዲያሠለጥን ማን ፈቅዶለት ነው ሁለቱን ዓመት የሚሞላው? ቅድመ ሁኔታውን ከማጽደቃችን በፊት ክለቡ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙን በሳምንቱ ዕቅድ ስብሰባ እንዲያስቀምጠውና አንዱን የልምምድ ቀን እንዲሰጠው ሐሳብ አቅርቡ፤ እኔም ያን ጊዜ እስማማለሁ።