የአሮጌ ሃይሉክስ የነዳጅ ጌጅ ሩብ ላይ ቆሞ ቀረ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆች 1989 የተሠራ የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ሲሞላ የጌጁ ቀስት ሙሉ ላይ ያርፋል፤ እስከ ሩቡ ድረስም ደህና ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምን ያህል ብነዳ ንቅንቅ አይልም። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስወጣ፣ ቀስቱ ሩብ እያሳየ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ናፍጣ በጀሪካን ካስመጣሁ በኋላም መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ ሳስወጣ መሸብኝ። የሙቀት ጌጁ ጤነኛ ነው። አንድ ኤሌክትሪሽያን የነዳጅ ጌጁ ይቀየር ብሎኛል። ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ፦
በመጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ መስመር፣ ይመልከቱ። የእኔም ፒክአፕ ጌጅ ያስቸግረኝ ነበር፤ ከሰልባትዮው ወደ ሻሲው የሚሄደው የማሳ ሽቦ የታሰረበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ካጸዳሁት ወዲህ ተስተካክሏል።

ሌላ መልስ፦
ማሳ ማጽዳት ጉዳት የለውም፤ የጠያቂው ችግር ግን ከዚያ የመጣ አይመስለኝም። በእነዚህ መኪኖች ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ሴንደር፣ ማለትም በክንዱ ጫፍ ባለ ተንሳፋፊ የነዳጁን ከፍታ ለጌጁ የሚያስታውቀው ዕቃ፣ ሰልባትዮው ሲሞላ 3 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ገደማ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ያሳያል። ዝገትም ሆነ የላላ ማሳ ኦም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ጌጁ ካለው ያነሰ ነዳጅ እንዲያሳይ ያደርገዋል። የእርስዎ ጌጅ ግን የሌለውን አለ እያለ ነው። ለመሆኑ ሰልባትዮው በቅርቡ ወርዶ ያውቃል?

ጠያቂው፦
አዎ፤ ያንጠባጥብ ስለነበር ከስድስት ወር በፊት ጋራዥ ውስጥ ወርዶ ተበይዷል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም ነበር።

መልስ፦
እንግዲያው ጌጅ አይግዙ። ቁልፉን ከፍተው፣ ቀስቱ ሩብ ላይ እንዳለ የሴንደሩን ሶኬት ይንቀሉ። ቀስቱ ወደ ባዶ ከወረደ ዳሽቦርዱም ሽቦውም ነፃ ናቸው፤ የድሮ ጌጅ ቀርፋፋ ስለሆነ ግን ትንሽ ይታገሡት። ቀጥሎ የባትሪውን ማሳ ፈተው ሴንደሩን ያውጡና ክንዱን ከላይ እስከ ታች በእጅዎ ቀስ እያደረጉ በቴስተር ይለኩ። ኦሙ ሳይዘል እስከ 110 አካባቢ ከደረሰ ሴንደሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ተንሳፋፊው ሰልባትዮው ውስጥ አንድ ነገር ላይ ተደግፎ መቅረቱ ነው። ክንዱ ቀጭን ብረት በመሆኑ ሲገባና ሲወጣ በቀላሉ ይጣመማል፤ የሚገጥሙ ሰዎች ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሲከብዳቸው መግፋት ይወዳሉ።

ጠያቂው፦
ቅዳሜ ሠራሁት። ሶኬቱን ስነቅል ቀስቱ ወደ ባዶ ወረደ፤ ቴስተሩም ክንዱ ታች ሲደርስ 108 አሳየ። ክንዱ ወደ ጎን ተጣሞ ስለነበር ተንሳፋፊው ከናፍጣ መሳቢያው ቱቦ ጋር ሲፋተግ ኖሮ አንድ ጎኑ ተልጦ ነጭ መስመር ሠርቷል። በፒንሳ አቃንቼ፣ የሴንደሩን ማሸጊያ ጎሚኒ በአዲስ ቀይሬ መለስኩት። ከዚያም ሰልባትዮውን ከባዶ ጀምሬ ናፍጣ በ5 በ5 ሊትር እየጨመርኩ፣ ቀስቱ በደረሰበት ቦታ ሁሉ የጌጁ መስታወት ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግኩ። የመጀመሪያው 5 ሊትር ቀስቱን ጨርሶ አያንቀሳቅሰውም፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን በሥርዓቱ ይወጣል።