የአጥንት አመድ በአቼቶ ሟሙቶ ሁለት ዓይነት ነጭ ነገር ወጣልኝ፣ ለምን?

የመሀል ሜዳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ነው ያለሁት፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ የበግ አጥንት በኩበት እሳት እስኪነጣ አቃጠልኩ፣ ፈጭቼም አቼቶ ውስጥ አሳደርኩት። መጀመሪያ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ የተወሰነው ሟሟ። አጥልዬ ጥርት ያለውን ውሃ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ላይ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወረቀቱ 5 አካባቢ ሲያሳይ ተውኩት። በማግስቱ ከብርጭቆው ሥር የሚያብለጨልጭ ስስ ቅርፊት የመሰለ ክሪስታል አገኘሁ። ሌላው ላይ ሶዳውን ብዙ ስጨምርበት ግን ወዲያው እንደ አጥሚት ነጭ ሆኖ ተዝለገለገ፣ ሲደርቅም ዱቄት ሆነ። አንዷ ተማሪ "ሁለቱም አጥንት ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ አጣሁ።

ከደብረ ብርሃን፦
መምህር፣ ልጅቷ ጥሩ ነገር ነው የጠየቀችው። አጥንት በዋናነት ሃይድሮክሲአፓታይት ነው፤ 10 ካልሲየም፣ 6 ፎስፌት፣ 2 ሃይድሮክሳይድ። አሲድ ሲያገኘው ሃይድሮክሳይዱ ውሃ ይሆናል፣ ፎስፌቱም ሃይድሮጅን ይሸከማል። ፒኤች 5 ላይ ከመቶ 99 ያህሉ ፎስፌት ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን ይዞ ነው ያለው፣ እንዲህ የሆነ ፎስፌት ደግሞ ካልሲየምን አጥብቆ አይዝም። ሶዳ ሲጨምሩ ሃይድሮጅኑን መልሰው ይነጥቁታል። አንዱን ብቻ ሲያጣ ብሩሻይት ይወጣል፣ ይኸውም 1 ካልሲየም ለ1 ፎስፌት፣ ከ2 ሞለኪውል ውሃ ጋር። ቅርፊቱ እሱ ነው የሚመስለኝ። አቼቶውም ረድቶዎታል፤ ሶዳ ሲገባበት ፒኤቹ 4.8 አካባቢ ላይ ቶሎ አይነቃነቅም፣ ክሪስታሉ ለማደግ ጊዜ አገኘ።

አንኮበሬ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፒኤች 5 ላይም ቢሆን ከሁሉ ያነሰ የሚሟሟው አፓታይት (ያው ሃይድሮክሲአፓታይቱ) ነው። ብሩሻይት ከሱ ያነሰ የሚሟሟው ፒኤቹ ከ4 ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ታዲያ ለምን ብሩሻይት ቀደመ? በፍጥነት ነው። ብሩሻይት ቶሎ ይሠራል፣ አፓታይት ግን ያን ሁሉ አተም በቦታ በቦታው መደርደር አለበት። ቢቆይ፣ በተለይ ፒኤቹ ከፍ ካለና ሙቀት ካገኘ፣ ብሩሻይቱ እየሟሟ አፓታይት ይሆናል፤ ሲለወጥም አሲድ ስለሚለቅ ውሃው ይኮመጥጣል።

ዝልግልጉ ደግሞ መጀመሪያ ቅርጽ የሌለው ካልሲየም ፎስፌት ይመስለኛል፣ ሲቆይ ወደ አፓታይት የሚሄድ። ግን ሶዳው ካርቦኔት ስለሚያመጣ ካልሲየም ካርቦኔትም አብሮ ወርዶ ሊሆን ይችላል። አቼቶ ጠብ አድርጉበትና አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት። ከዚያ በፊት ግን በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ የቀረ ሶዳም አረፋ ያወጣልና እንዳያሳስታችሁ። የመጀመሪያው ቀን አረፋም ከዚሁ ነው፣ አጥንት በተፈጥሮው ካርቦኔት አለው። እባካችሁ በአቼቶ ፋንታ የባትሪ አሲድ እንዳትሞክሩ፣ ልጆች ባሉበት አደገኛ ነው፤ ደግሞ ጂፕሰም (ካልሲየም ሰልፌት) ይወጣና የአጥንቱን ዱቄት ይሸፍንባችኋል።

ገበሬ ከጅሩ፦
ይቅርታ፣ ይሄ ለማሳም ይሠራል ማለት ነው? እኛ ጋ አጥንት እንዲሁ ይጣላል።

አንኮበሬ፦
ወንድሜ፣ አፈርህን አስለካ። የእናንተ ጥቁር አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ የአጥንት ዱቄት ብዙም ሳይሟሟ ይቀመጣል። አሲዳማ አፈር ላይ ይሟሟል፣ በጣም ሲኮመጥጥ ግን አሉሚኒየምና ብረት ፎስፌቱን ይይዙታል፣ ያኔ ኖራም ያስፈልጋል።

የመሀል ሜዳው፦
ሦስት ጊዜ አጥቤ ሞከርኩት። ዱቄቱ አረፋ አወጣ፣ ቅርፊቱ ዝም ብሎ ሟሟ። የተረፈውን ቅርፊት ሰኞ ከተማሪዎቹ ጋር ውሃ ውስጥ እናፈላዋለን፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ቆየት እናደርገውና ፒኤቹ ይወርድ እንደሆነ ጠያቂዋ ራሷ ትለካለች።